አዋሽ ዳር መሬት ላገኘ ሰው፦ ሞተር፣ ቦይ፣ ጉድጓድ ወይስ ጎርፍ?

«ወንዙ ዳር አንድ ሄክታር አግኝቻለሁ። ሞተር ልግዛ ወይስ ጉድጓድ ላስቆፍር?»

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጠያቂው መሬቱን ያየው አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምት ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ወንዙ ሞልቶ ይፈሳል፤ ዳርቻው ለምልሟል። በጥቅምት አዋሽን ያየ ሰው ይህ ውሃ ያንሳል ብሎ አያስብም። ስለዚህ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ግንቦት ላይስ አይተኸዋል?»

ምርጫው የሚጀምረው ከዚያ ወር ነው። ወንዙ በሞላ ጊዜ የትኛውም አማራጭ ጥሩ ይመስላል። ልዩነታቸው የሚታየው ወንዙ ሲጎድል ነው። ከዚህ በታች አምስቱን ዋና ዋና የውሃ ምንጮች አወዳድራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ወንዙን ማወቅ

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ጊንጪ አካባቢ ካሉት ከፍታዎች ይነሳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ይገባል፤ እዚያም ፀሐይ ትጨርሰዋለች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይህን መጨረሻ ለማየት በ1926 የአውሳን ምድር አቋርጦ ነበር። የአካባቢው አፋሮች ግን ወንዛቸው የት እንደሚያልቅ ከጥንትም ያውቁት ነበር።

ታች ቆላ ላይ ያለ ሰው አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። የሚጠቀመው ውሃ የዘነበው እሱ ጋ አይደለም፤ ደጋ ላይ ነው። በታችኛው አፋር፣ ዱብቲ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው 200 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፀሐይና ነፋስ ከክፍት ውሃ ላይ የሚወስዱት ደግሞ ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ሰማዩ ከሚሰጠው አሥር እጥፍ ይወስዳል ማለት ነው። በዚያ ምድር ዝናብን ተማምኖ የሚዘራ የለም። ያለው ወንዙ ነው፣ ከወሎ ገደል የሚወርደው ጎርፍ ነው፣ ከመሬት ሥር ያለው ውሃ ነው።

የወንዙ ዓመት እንዲህ ይሄዳል። በሐምሌና በነሐሴ ይሞላል። በመስከረም ገና ከባድ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ይወርዳል። በታኅሣሥና በጥር ይቀጥናል። የበልግ ዝናብ ከመጣ በመጋቢትና በሚያዝያ ትንሽ ያገግማል፤ ካልመጣ አያገግምም። ከዚያ ግንቦትና ሰኔ ይመጣሉ። ሙቀቱ ከፍ ይላል፣ ሰብሉ በጣም ይጠማል፣ ወንዙም በጣም ያንሳል። ሦስቱም በአንድ ላይ። ፈተናው ያኔ ነው።

ዓመትና ዓመትም አይመሳሰልም። በ2007 ክረምቱ ቀረ። በአፋርና በአጎራባቹ የሶማሌ አካባቢ ከብት በጅምላ አለቀ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2012 ነሐሴ፣ ያው ወንዝ ዳርቻውን ሰብሮ ወጣ፤ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ አፈናቀለ። እርሻ ጠፋ፣ መንገድ ጠፋ፣ ቤት ጠፋ። የውሃ ምንጭ የሚመርጥ ሰው ሁለቱንም ዓመት አብሮ ማሰብ አለበት።

የቆቃ ግድብ ይህን መዋዠቅ በከፊል አለዝቦታል። በ1952 ሲመረቅ ዋና ዓላማው መብራት ነበር፤ 43 ሜጋ ዋት ያህል። ግን ለመብራት ተብሎ ዓመቱን ሙሉ የሚለቀቀው ውሃ ከሥር ያለውን ወንዝ በበጋም እንዲፈስ አደረገው። የመተሐራ ሸንኮራ፣ የአሚባራ ጥጥ፣ እነዚህ ሁሉ የቆሙት በዚያ ላይ ነው። ግድቡ ሲሠራ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዝ ነበር። ዛሬ ግን ከደጋው የሚታጠበው አፈር ከሥሩ ተከማችቶ አጥብቦታል። የደጋው ገበሬ እርከን ሲሠራ የአፋሩን ውሃ እየጠበቀ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከአሚባራ በታች ደግሞ ወንዙ ገደባሳ የሚባል ረግረግ ውስጥ ይበተናል። ብዙ ውሃ እዚያ ይተናል። ስለዚህ «ላይ ብዙ አለ» ማለት «ታች ይደርሳል» ማለት አይደለም።

ስንት ያስፈልጋችኋል? ስንትስ አለ?

ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ያዙ።

የመጀመሪያው ፍላጎታችሁ ነው። በቆላ ሙቀት አንድ ሰብል በቀን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ሊጠጣ ይችላል። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት 10 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ ሰብሉ በቀን 70 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። በአፈር ቦይና በትልም ስታጠጡ ግን ከምትለቁት ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። 140 ሜትር ኩብ አስቡ። በሰከንድ ሲሰላ፣ ሌትና ቀን ሳይቋረጥ፣ 1.6 ሊትር ነው። ትንሽ ይመስላል። 1,000 ሄክታር ላይ አባዙት፤ የበጋው ወንዝ ምን ያህል እንደሚሸከም ያኔ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ወንዙ ወይም ጅረቱ የሚያመጣው ነው። ለትልቁ አዋሽ መልካ ቁንጥሬ፣ ሆምቦሌ፣ አዳይቱ፣ ተንዳሆ ላይ የፍሰት መለኪያ ጣቢያዎች አሉ፤ መረጃውን መጠየቅ ይቻላል። ለትንሽ ጅረት ግን ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። ቀጥ ብሎ የሚፈስ ቦታ ምረጡ። 10 ሜትር ለኩ። ቁራጭ እንጨት ጣሉና ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ቁጠሩ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። 20 ሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ነው። ስፋቱ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሦስቱን አባዙ፤ 0.6 ሜትር ኩብ ይመጣል። ላይኛው ውሃ ከሥረኛው ስለሚፈጥን በ0.85 አባዙት። በሰከንድ 510 ሊትር ያህል ነው።

ይህን በጥቅምት አታድርጉት። በግንቦት አድርጉት።

ከወንዙ በሞተር መሳብ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው። ምክንያትም አለው። ሞተር ዛሬ ይገዛል፣ ነገ ይሠራል። ቆፋሪ አይጠበቅም፣ ተራ አይጠበቅም። ባለ 3 ኢንች ትንሽ ሞተር ከፍታው ዝቅ ካለ በሰከንድ 10 ሊትር ያህል ይሰጣል፤ በሰዓት 36 ሜትር ኩብ ማለት ነው። አንዱን ሄክታር በትልም ለማጠጣት በቀን 4 ሰዓት ያህል ይሠራል። የነዳጁን ሒሳብ ከዚህ ተነሱና በአካባቢያችሁ ዋጋ አስሉት። አንዳንዱ ሰው ሞተሩን ገዝቶ፣ ሽንኩርቱን ተክሎ፣ ነዳጁ ላይ ነው የሚወድቀው።

የሞተር ትልቁ ድክመት መሳብ ነው። ሞተር ውሃን ወደ ላይ ሩቅ መግፋት ይችላል፤ ከሥር መሳብ ግን ልክ አለው። ዱብቲ አካባቢ 7 ሜትር ቢስብ ነው። ወንጂ ከፍ ስለሚል ከ5 እስከ 6 ሜትር ነው። በግንቦት ወንዙ ሲወርድ ሞተሩን ተሸክማችሁ ወደ ታች ትከተሉታላችሁ። በነሐሴ ደግሞ እዚያው ከረሳችሁት ጎርፍ ይወስደዋል። ከቤንዚንም ከናፍጣም ይልቅ ብዙ ሞተር የገደለው ደለል ይመስለኛል። አሸዋ ያዘለ ውሃ የውስጡን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። የመሳቢያውን ጫፍ ከወንዙ ወለል ከፍ አድርጉ፤ በወንፊት ሸፍኑት። ከተቻለ ዳር ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃው እዚያ ከረጋ በኋላ ሳቡ።

በጠብታ መስኖ ብትጠቀሙ የምትስቡት ውሃ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የሞተሩ ሰዓትም አብሮ ይቀንሳል። ግን የአዋሽ ውሃ ሳይረጋና ሳይጣራ ወደ ጠብታ ቱቦ ከገባ በአንድ ወቅት ይደፍነዋል። ማርጊያ ገንዳ የሌለው የጠብታ መስኖ አዋሽ ላይ ባይሞከር እመርጣለሁ። የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ከነዳጅ ያድናል። የሚሠራው ግን ቀን ብቻ ስለሆነ ጥበቃም ማጠራቀሚያም ይፈልጋል።

ማን ይምረጠው? ከቆቃ በታች፣ በበጋም ውሃ በሚለቀቅበት ክፍል፣ ከፍታው ዝቅ ያለ ዳርቻ ያለው፣ ገበያ የሚቀርበውና ዋጋው ከፍ ያለ ሰብል የሚያመርት ሰው። ለማሽላ ብሎ ነዳጅ የሚያቃጥል ግን አይምረጠው።

በቦይ የሚመጣ ውሃ

በግድብ ወይም በመጥለፊያ ተይዞ በራሱ ክብደት የሚወርድ ውሃ ነው። ነዳጅ አይፈልግም። ወንጂ ስኳር በ1946 ማምረት ሲጀምር፣ ኋላም መተሐራ፣ አሚባራ፣ ተንዳሆ ሲከተሉ የተጓዙት በዚህ መንገድ ነው። የከሰም ግድብ 500 ሚሊዮን፣ የተንዳሆ ግድብ 1.86 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንዲይዙ ታስበው የተሠሩትም ለዚሁ ነው። የውሃው ክፍያ ደግሞ ለብዙ ዓመታት እጅግ ትንሽ ነበር፤ ለ1,000 ሜትር ኩብ 3 ብር።

ርካሽነቱ ራሱ ጉዳት አመጣ። ርካሽ ውሃ ይባክናል። የባከነ ውሃ ደግሞ በረሃ ላይ መሬት ይገድላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከአምስቱም አማራጮች ብዙ መሬት ያጠፋው ይህ ነውና።

የወንዝ ውሃ ሁሉ ትንሽ ጨው አለው። ሰብሉ ውሃውን ይጠጣል፣ ጨውን ይተዋል። ደጋ ላይ ክረምቱ ያጥበዋል። ቆላ ላይ የሚያጥብ ዝናብ የለም። ከልክ በላይ ስታጠጡ ትርፉ ውሃ ወደ ታች ይሰርጋል፤ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ያደርገዋል። ያ ውሃ ወደ ገጽ ሲቀርብ ፀሐይ እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ ትስበዋለች። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። አሚባራና መልካ ሰዲ ላይ የሆነው ይህ ነው። ጥጥና ሙዝ የበቀለበት መሬት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነጭ ቅርፊት አወጣ። ብዙው ማሳ ተተወ። በተተወው ማሳ ላይ ፕሮሶፒስ የሚባል ወራሪ ዛፍ በቀለበት፤ እሾሁ ከብትም ሰውም አያሳልፍም። ያንን ነጭ መሬት ቆሞ ያየ ሰው አይረሳውም።

ስለዚህ በቦይ የሚለማ መሬት ሲሰጣችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ «ውሃው በየት ይገባል?» ሳይሆን «ውሃው በየት ይወጣል?» የማፋሰሻ ቦይ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ በደለልና በሣር ከተደፈነ፣ ያ መሬት የሚታረስበት ዓመት የተቆጠረ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ቆፍራችሁ እዩ። ውሃ ካገኛችሁ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ተራ ነው። በቦይ ራስ ላይ ያለ ሰው ሁልጊዜ ይጠግባል። በቦይ ጅራት ላይ ያለው የተረፈውን ያገኛል። የእናንተ ማሳ ከጅራቱ ከሆነ የውሃ ኮሚቴው ጠንካራ መሆኑን አጣሩ። ተራው የሚጻፍ ነው? ሌሊትስ ማን ይጠብቃል? ጥሩ የውሃ አባት፣ ማለትም ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል ሰው ያለበት ቦይ ጅራቱም ይጠጣል። ከሌለ ግን የኮንክሪት ቦይም አያድንም።

ጉድጓድ

ጉድጓድ ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ከወንዙ ዳር በአሸዋው ውስጥ በእጅ የሚቆፈረው ነው። ሁለተኛው ከወንዙ ራቅ ብሎ የሚቆፈር የእጅ ጉድጓድ ነው። ሦስተኛው በማሽን የሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ነው።

የወንዝ ዳሩን በጣም እወደዋለሁ። ውሃው የወንዙ ነው፤ ግን አሸዋው አጣርቶታል። ደለል የለውም፣ ጀርሙም ይቀንሳል። ደረቅ በሚመስሉ የአሸዋ ወንዞች ሥርም ውሃ ለወራት ይቆያል፤ ፀሐይ አታገኘውምና። ለመጠጥና ለከብት ከዚህ የተሻለ ቅርብ አማራጭ ትንሽ ነው። ለመጠጥ ሲሆን ግን አሁንም በክሎሪን መታከም አለበት።

ሌሎቹ ሁለቱ ላይ ግን ሳይመረመር አትጠጡ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናችሁ። ዐለቱ የእሳተ ገሞራ ነው፤ ውሃው ሲቆይ ፍሎራይድ ይይዛል። በወንጂ አካባቢ ከጉድጓድ ጠጥተው ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡኒ ሆኗል፤ ከዚያም አልፎ አጥንታቸው የጎበጠ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ይህን በዐይን አታዩትም፣ በምላስ አትቀምሱትም። ማፍላትም አያጠፋውም። ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ያጠነክረዋል። እናቶች ለልጆቻቸው ብለው ሲያፈሉ፣ የሚጠቅማቸው መስሏቸው፣ ጀርሙን ገድለው ፍሎራይዱን እንደሚያጠጡ ሳስብ ያመኛል። ምርመራው ከቁፋሮው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁም ነገር አይገባም። መጀመሪያ የጎረቤት ጉድጓድ ውሃ አስመርምሩ።

ጥልቅ ጉድጓድ ውድ ነው፤ ለአንድ ገበሬ አይሆንም። ለማኅበር ወይም ለቀበሌ ነው። ካስቆፈራችሁ ቆፋሪው ቢያንስ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ስቦ ምን ያህል እንደሚሰጥ በጽሑፍ ያሳያችሁ። ለሁለት ሰዓት ፈንድቶ የወጣ ውሃ ማስረጃ አይደለም።

ጎርፍን መጥለፍ

ራያ ቆቦ ላይ ጠለፋ ይሉታል። ሚሌና ሎጊያን የመሳሰሉት ከወሎ ከፍታ የሚወርዱ ወንዞች በበጋ ይመነምናሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ለሰዓታት በኃይል ይወርዳሉ። ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ በተሠራ መጥለፊያ ያንን ጎርፍ ወደ ማሳው ያዞረዋል። መሬቱ ሦስት አራት ጊዜ በደንብ ከጠገበ ማሽላ ያለ ሌላ ውሃ ሊደርስ ይችላል። ጥልቅ የደለል አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ውሃ አቅፎ ስለሚይዝ ነው። ጎርፉ የደጋ አፈር ይዞ ስለሚመጣም ማዳበሪያ ይዞ መጣ ማለት ነው። ጨውንም ያጥባል።

ዋጋው ጉልበት ነው፤ ስጋቱ ዓመቱ ነው። በ2007 ዓይነት ዓመት ምንም አይመጣም። በ2012 ዓይነት ዓመት መጥለፊያውንም ማሳውንም ይወስዳል። ለቤት እህል፣ ለከብት መኖ፣ ሌላ ገቢ ላለው ሰው ጥሩ ነው። ብድር ወስዶ ለሚያርስ ሰው አልመክርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከልቤ ነው። በደረቅ የወንዝ ወለል ላይ አትደሩ፣ አትተኙ፣ ልጆችን አታሳድሩ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጣ። የዘነበው ላይ ተራራው ላይ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሰማዩ ጥርት ያለ መሆኑ ምንም አይነግራችሁም።

ኩሬና ብርካ

ክፍት ኩሬን ለመስኖ የሚያስቡ ሰዎች ይህን ሒሳብ ይሥሩ። 20 ሜትር በ20 ሜትር፣ 3 ሜትር ጥልቀት፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቢሆን 1,200 ሜትር ኩብ ይይዛል። ፀሐይ በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ከላዩ ትወስዳለች፤ ከ800 ሜትር ኩብ በላይ ማለት ነው። ወደ መሬት የሚሰርገው ገና አልተቆጠረም። የተረፈው አንድ ሄክታርን ለሦስት ቀን ያህል ቢያጠጣ ነው። ለመስኖ አይሆንም።

የተከደነ ብርካ፣ ማለትም የተገነባ የውሃ ማጠራቀሚያ ግን ለቤትና ለከብት ይረዳል። ወንዙ በሚሞላበት ጊዜ ወይም በዝናብ ተሞልቶ ለክፉው ወር ይቀመጣል።

ከብትና የታችኛው ጎረቤት

በሙቀት ቀን ላም ከ30 እስከ 50 ሊትር ትጠጣለች። ፍየል 5 ሊትር ያህል ይበቃታል። ግመል ሳምንት ጠብቃ በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ልትጨርስ ትችላለች። ከመስኖው ጋር ሲተያይ የከብት ውሃ በጣም ትንሽ ነው። ችግሩ መጠኑ ሳይሆን መንገዱ ነው።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሰፋፊ እርሻዎች የአዋሽን ዳርቻ ሲይዙ የአፋር አርብቶ አደር የበጋ ግጦሹን አጣ። የ1965 ድርቅ ሲመጣ የሚሸሽበት አልነበረውም። ያ ቁስል ዛሬም አልዳነም። ስለዚህ ማሳችሁን ስታጥሩ የከብት መውረጃ ተዉ። ሰፋ ያለ፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ ሰብል የማይነካው መውረጃ። ከጎሳ ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ ቦታውን አብራችሁ ምረጡ። ይህን ያደረገ ሰው ሞተሩን የሚጠብቅለት ጎረቤት ያገኛል።

ውሃውስ ምን ይዟል?

ወንዙ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ውሃ አይደለም። አቃቂ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ይዞ ይወርዳል። ሞጆም ከቆዳ ፋብሪካዎች አጠገብ ያልፋል። በአቃቂ ውሃ በለማ አትክልት ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። እዚያ ጎመንና ሰላጣ ማልማት ለበላተኛው ጉዳት ነው። ካለሙም የዛፍ ችግኝ ወይም አበባ ይሻላል።

መተሐራ ጋ ሌላ ነገር አለ። በሰቃ ሐይቅ በ1950 አካባቢ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ የባቡር ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን ያስጨነቀ ሐይቅ ነው። ውሃው ጨዋማ ነው። እንዳይሞላ በመጠን በመጠን ወደ አዋሽ ይለቀቃል። ከመተሐራ በታች የምታለሙ ሰዎች የጨው መለኪያ ይኑራችሁ። በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ለማኅበር አንድ ይበቃል። ንባቡ ከ0.7 ዴሲሲመንስ በሜትር በታች ከሆነ ለሁሉም ሰብል ይሆናል። ከ0.7 እስከ 3 ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ3 በላይ ብዙ ሰብል ይጎዳል።

ሰብሉም ይለያያል። አፈሩ ውስጥ ያለው ጨው 1.2 ሲያልፍ ሽንኩርት ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። በቆሎ በ1.7፣ ቲማቲም በ2.5 ይጀምራል። ቴምር እስከ 4፣ ማሽላ እስከ 6.8፣ ጥጥ እስከ 7.7 ይታገሣል። ሽንኩርት ዋጋው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ጨዋማ መሬት ላይ አትትከሉት።

እኔ ብሆን

ከቆቃ በላይ ብሆን ትንሽ የጅረት ጠለፋና የእጅ ጉድጓድ አጣምር ነበር። በቆቃና በመተሐራ መካከል ሞተር እገዛለሁ፤ ለመጠጥ ግን የጉድጓድ ውሃ ሳላስመረምር አልነካም። አሚባራ አካባቢ ማፋሰሻ ያለው ቦይ ካገኘሁ ቦይ፤ ካላገኘሁ መሬቱን አልወስድም። ሚሌና ሎጊያ ዳር ጎርፍ እጠልፋለሁ፣ አጠገቡም የአሸዋ ጉድጓድ እቆፍራለሁ። ዱብቲና አሳይታ ላይ የወንዙ ጅራት ላይ ስለሆንኩ ላይ ያሉት በሚያደርጉት ላይ እንጠለጠላለሁ። እዚያ ጥጥ፣ ቴምርና መኖ፤ ቶሎ የሚጠማ አትክልት ግን አይሆንም።

ፈቃድን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 197/1992 ግልጽ ነው። በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ፣ ለባህላዊ መስኖና ለባህላዊ ከብት እርባታ ፈቃድ አያስፈልግም። ከእነዚህና ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ሌሎች ውጭ ያስፈልጋል። ከአገልግሎት ሁሉ የሚቀድመው ደግሞ የሰው መጠጥና የቤት ፍጆታ ነው። ስለዚህ በሞተር ከመሳባችሁ በፊት የተፋሰሱን ጽሕፈት ቤት ወይም የወረዳውን ውሃ ቢሮ ጠይቁ። ማመልከቻው ላይ የምትጽፉት የሊትር ቁጥርም የጥቅምቱ ሳይሆን የግንቦቱ ልኬት ይሁን።